የአሳዳጊዬ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጣ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋም ሰውየውም እንዳይታወቁ የንግዱን ዓይነትና አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የታክስ ኦዲተር ሆኜ ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ስመጣ ዘመድ ስላልነበረኝ የአባቴ ጓደኛ ቤታቸው አራት ዓመት አስቀመጡኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ያበሉኝም ያለበሱኝም እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ጋሼ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የተመደበልኝን ፋይል ስከፍት የሳቸውን ስም አየሁ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ሠራሁበት። የግዢ ደረሰኞቻቸው ውስጥ ከአንድ አቅራቢ የመጡ ደስ የማይሉ ደረሰኞች አሉ፤ ድምራቸው ወደ 400 ሺህ ብር ይሆናል። እኔ ምንም ሳልተነፍስ የጋሼ ባለቤት እማዬ ጋ ደውለው ‹ልጃችን እጅ ገብተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አሏት። እማዬም ‹ወጭት ሰባሪ እንዳትሆኚ› አለችኝ። ቡድን አስተባባሪዬ በበኩሉ ዕቅዳችን አልሞላም፣ በዚህ ወር ዝጊው፣ ጠንከር ያለ ግኝት ይኑረው እያለኝ ነው። ልለፋቸው? ወይስ እንዳልታማ አጥብቄ ልያዛቸው? አንዳንዴ ጥዬ ልውጣ እላለሁ። አንድ የሂሳብ ባለሙያ ማታ ማታ የደንበኞቹን ሂሳብ ካየሁለት ከደመወዜ የሚበልጥ ሊከፍለኝ ጠይቆኛል። ምን ላድርግ?

ሁለት እሳት መሃል ያለሁ»

እህቴ፣

መጀመሪያ ፋይሉን ዝጊው። ይህን የምታነቢው ቢሮ ሆነሽ ከሆነ አሁኑኑ። አስተባባሪሽ እንደሚለው ዓይነት መዝጋት አይደለም የምልሽ፤ ክደኚውና እጅሽን አንሺ። ልለፋቸው ወይስ ላጥብቅባቸው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለሁለቱም መልስ የለኝም፣ ምክንያቱም ያ ፋይል ያንቺ አይደለም። ስማቸውን ካየሽበት ደቂቃ ጀምሮ ያንቺ አልነበረም። ማየትሽ ምንም አይደል፣ ምደባው ከላይ ነው የሚመጣው። ካየሽ በኋላ ግን ሁለት ቀን ዝም ብለሽ ሠራሽ፤ እዚህ ጋ ተሳስተሻል። ገና ሁለት ቀን ስለሆነ ይስተካከላል።

እኔ እዛ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከወጣሁ ቆየሁ፣ ግን ሐምሌ 1 በመጣ ቁጥር አሁንም ሆዴ ይረበሻል። በእኔ ጊዜ የግብር መክፈያው ወቅት ሐምሌ የደረጃ ሐ፣ የትንንሾቹ ነጋዴዎች፣ እስከ ጳጉሜ የደረጃ ለ፣ እስከ ጥቅምት 30 የደረጃ ሀ፣ የትልልቆቹ፣ ነበር፤ እንቁጣጣሽን የማውቀው በሰልፍ መሃል ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ዘኬዎስ» ነበር የምትለኝ፣ ሾላ ላይ በወጣው በወንጌሉ ቀራጭ ስም። «ሾላው ላይ መቼ ነው የምትወጪው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ አይደለም።

የታክስ አስተዳደር አዋጁን፣ ቁጥር 983/2008ን፣ አውጪና የታክስ ሠራተኛን ግዴታ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቢ። ሥልጠና ላይ ሰምተሽዋል፤ ሁላችንም ከምሳ በኋላ ዓይናችን እየተከደነ ነው የሰማነው። የታክስ ሠራተኛ የግል፣ የቤተሰብ፣ የንግድ፣ የሙያ፣ የሥራ ወይም የገንዘብ ግንኙነት ባለው ወይም በነበረው ሰው ጉዳይ ላይ ሥልጣኑን አይጠቀምም ነው ነገሩ። «በነበረው» የምትለዋን ቃል አስምሪባት። «የሥጋ ዘመዴ አይደሉም እኮ» የሚል ሐሳብ ሁለቱን ቀን እንዳሠራሽ እጠረጥራለሁ። አራት ዓመት እንጀራቸውን በልተሻል። ከዚህ በላይ ምን ግንኙነት አለ? ስንት የሥጋ አጎት አለ፣ የወንድሙን ልጅ አንድ ሳምንት የማያሳድር።

አሁን ደብዳቤ ጻፊ። አጭር ይሁን። «ኦዲት እንዳደርግ የተመደቡልኝ ግብር ከፋይ ከእኔ ጋር የቆየ የግልና የቤተሰብ ግንኙነት ያላቸው በመሆኑ፣ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ፋይሉ ለሌላ ባለሙያ እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ። ፋይሉን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተመልክቼዋለሁ። እስካሁን የሠራሁት ተያይዟል።» በቃ። ማን እንዳሳደገሽ፣ በበዓል ምን እንዳለበሱሽ መተረክ አያስፈልግም። ለአስተባባሪሽ አድርጊው፣ ግልባጩ ለኃላፊው ይሂድ። እጁ ላይ አስቀምጠሽለት እንዳትመለሺ። መዝገብ ቤት ይግባ፣ ቁጥርና ቀን ይያዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር።

በቃል እንዳትነግሪው ደግሞ። በቃል ስትነግሪው «እሺ ገባኝ፣ ግን አንቺው ጨርሺው፣ ማን ያውቃል» ይልሻል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ወሩ ስላለቀበት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ያንን ፋይል ሲያገላብጥና የጋሼ ባለቤት ለግማሽ ሰፈር «ልጃችን ናት የያዘችው» እንዳሉ ሲሰማ፣ አስተባባሪሽ ነግራኝ ነበር አይልም። ሊረሳውም ይችላል። ወረቀት ግን አይረሳም። ደብዳቤው ከገባ በኋላ እንኳ «ቀጥዪ» ካለሽ፣ በጽሑፍ እንዲያዝሽ በትሕትና ጠይቂው። እንዲህ ስትዪው አብዛኛው አለቃ ድንገት ሌላ ባለሙያ ትዝ ይለዋል።

ሁለት ቀን የሠራሽበትን እንዳለ አስረክቢ። የጻፍሽውን ማስታወሻ አትሰርዢ፣ አታለስልሺ፣ አታጠንክሪም። ደረሰኞቹ ዝርዝር ላይ ምልክት አድርገሽ ከሆነ ምልክቱ ይቆይ። ፋይሉን ለሚረከበው ልጅ ደግሞ «አደራ» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። «አደራ፣ እንደ አባቴ ናቸው» ካልሽው በበር ወጥተሽ በመስኮት ገባሽ ማለት ነው። «አደራ፣ እኔን ብለህ እንዳታልፋቸው» ብትዪውም ያው ነው፤ ያኛውም በሳቸው ኪስ ያንቺን ስም ማጠብ ነው። ቁልፉን ስጪውና ወደ ወንበርሽ ተመለሺ።

እማዬ ጋ እንምጣ። «ወጭት ሰባሪ» ቀላል ቃል አይደለችም። ከእናት አፍ ስትወጣ ደግሞ አጥንት ድረስ ትዘልቃለች፣ ስለዚህ ማታ እንቅልፍ ቢያጣሽ አይገርመኝም። ግን እናትሽ ሕጉን ስለማታውቅ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚታያት፤ ወይ ታድኚያቸዋለሽ፣ ወይ ትሰብሪያቸዋለሽ። ሦስተኛው መንገድ እንዳለ ማንም አልነገራትም። ንገሪያት። «እማዬ፣ ፋይሉ እኔ ጋ የለም። ያሳደገሽን ሰው ፋይል አትመልከቺ ይላል ሕጉ፣ ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ።» ይህን የምትያት ግን እውነት ከሆነ በኋላ ነው፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ። እናት ስትዋሺ ድምፅሽ ላይ ታውቃለች።

ቀጥላ «ችግር አለባቸው እንዴ?» ትልሻለች። አይቀርም። እዚህ ላይ አፍሽን ሰብስቢ። እዛው አዋጅ ውስጥ ሌላ አንቀጽ አለ፣ የግብር ከፋይን መረጃ በሚስጥር ስለ መያዝ። «አላውቅም» አትበያት፣ ታውቂያለሽና። «ይህን ለማንም መናገር አልችልም» በያት። ስለ ደረሰኞቹ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ነገ ጠዋት ጋሼ ቤት ትደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደረሰኞቹ የሉም፣ ወይ አቅራቢው ስልኩን አጥፍቷል። ያኔ ውለታ መለስኩ ብለሽ የወንጀል ተባባሪ ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ። ለነገሩ ጋሼንም አልጠቀምሽም፤ ቀላል የሚሆነውን ጉዳይ አከበድሽባቸው።

ለጋሼ አንቺ አትደውዪ። እሳቸው ከደወሉ ግን ስልኩን አትዝጊባቸው፣ ነውር ነው። ምን ልበላቸው ካልሽኝ፣ መስኮት ላይ ለሚመጣ ለማንኛውም ሰው የሚባለውን በያቸው። የተጠየቁትን ሰነድ በጊዜው ያቅርቡ። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ደርሶዎት ካልተስማሙበት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያስገቡ። እዛም ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ የግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አለ፣ ለሱ ግን የሚከራከሩበትን ግብር 50 በመቶ ማስያዝ ይጠይቃል። ይህ በአዋጅ የወጣ ነው፣ ሚስጥር የለውም። ብዙ ነጋዴ ቤቱን የሚያጣው ግብሩ በዝቶበት ብቻ አይደለም፣ ይህችን 21 ቀን ባለማወቅም ነው። ዘመድ ፍለጋ ሲሮጥ ቀኑ ያልፍበታል።

አንድ ነገር ግን አናዶኛልና ልናገር። «ደስ የማይሉ ደረሰኞች» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ደስ የማይል ደረሰኝ የሚባል የኦዲት ግኝት የለም! ይህን ፋይል እርሺው፣ ለቀጣዩ ይጠቅምሻል። ደረሰኝ ሲያጠራጥርሽ ጥያቄው የሚነሳው ከስሜትሽ አይደለም። የአቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ ወይ? ደረሰኙ በተቆረጠበት ቀን፣ ልብ በይ፣ በዛ ቀን፣ የተመዘገበና ሥራ ላይ ያለ ነበር ወይ? የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ቁጥር የሱ ነው ወይ? አቅራቢው ያንን ሽያጭ በራሱ የቫት ዲክላሬሽን ላይ አስታውቋል ወይ? ክፍያው በባንክ ነው የሄደው ወይስ «በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ» ነው? ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ወረቀቱን ትተሽ ወደ ዕቃው ሂጂ። 400 ሺህ ብር የተገዛበት ዕቃ ወይ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ወይ ተሽጧል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልመጣም። አራተኛ መንገድ የለውም። መለዋወጫ ደግሞ እንደ ስኳር አይደለም፣ እያንዳንዱ ፍሬ ቁጥር አለው፣ ስቶክ ካርድ ላይ ይገባል ይወጣል። የገባው ካልወጣ ቁጠሪው።

ይህን የምልሽ ሦስት በጣም የተለያዩ ሰዎች ተመሳሳይ ደረሰኝ ይዘው ስለሚመጡ ነው። አንዱ ምንም ሳይገዛ ወረቀት ገዝቶ ትርፉን የሚያሳንስ ነው። አንዱ ዕቃውን በእውነት ገዝቷል፣ ግን የሸጠለት ሰው ደረሰኝ አልሰጠውም፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ ደረሰኝ ገዝቶ ሸፈነው። ጥፋት ነው፣ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ጥፋት አይደለም። ሦስተኛው ከሕጋዊ ነጋዴ በሕጋዊ መንገድ ገዝቷል፣ ነጋዴው ግን ከዓመት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። አቅራቢው ዛሬ የለም ማለት ያኔ አልነበረም ማለት አይደለም። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ ውድቅ» የሚል ኦዲተር አንድ ሰዓት ይቆጥባል። በዛች ሰዓት ግን የሰው ዓመታት ሊሄዱ ይችላሉ።

ለምን እንደሚከብድ ኦዲተር ላልሆናችሁ አንባቢዎች ላስረዳ። 400 ሺህ ብር ወጪ ከቫት በፊት ውድቅ ተደረገ እንበል። ትርፉ በዛው ልክ ያድጋል። ነጋዴው ግለሰብ ሆኖ ገቢው የመጨረሻው እርከን ላይ ከደረሰ 35 በመቶ፣ ማለትም 140 ሺህ ብር ግብር ይመጣል። ግብር አሳንሶ ለማስታወቅ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቅጣቱ 10 በመቶ ነው፣ 14 ሺህ። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ 30፣ ከዛ በኋላ 40 በመቶ። በነዚያ ደረሰኞች ከሚከፍለው ላይ የቀነሰውን 15 በመቶ ቫትም መልሶ ይከፍላል፣ 60 ሺህ። ወለዱንና ሌላ ቅጣት ሳንጨምር 214 ሺህ ብር ሆነ። ሆን ተብሎ የቀረበ ሐሰተኛ ሰነድ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ወጥቶ ወደ ወንጀል ይሻገራል። «ደስ አላለኝም» ተብሎ ይህ ሁሉ ሰው ላይ አይጫንም።

«እንዳልታማ አጥብቄ ልያዛቸው» ያልሽውን ሳነብ አንድ ዳቦ ቤት ትዝ አለኝ።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ፣ ልክ እንዳንቺ። አንድ የዳቦ ቤት ፋይል ተሰጠኝ። ባለቤቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ግን ንግግሩ የእኛን አገር ይላል፣ የሀገሬ ልጅ ነው። ጓደኞቼ «ያንቺ ሰው ነው፣ ዳቦ በነጻ ልንበላ ነው» እያሉ ቀለዱብኝ። ቀልዱ ውስጤ ገባ። ያሳወቀው ሽያጭ 1.6 ሚሊዮን፣ ባንክ የገባው ገንዘብ 2.3 ሚሊዮን። ልዩነቱን 700 ሺህ ያልተመዘገበ ሽያጭ ብዬ ደመርኩበት። ሰውየው የዕቁብ ደብተር ይዞ መጣ። ሁለት ዕጣ ወጥቶለታል፣ 300 ሺህ። ወንድሙ ከዱባይ 250 ሺህ ልኮለታል፣ የባንክ ወረቀት አለው። 90 ሺህ ደግሞ ከራሱ ሌላ ሂሳብ ያዛወረው ነው። እኔ ምን አልኩ? «የዕቁብ ደብተር ሕጋዊ ሰነድ አይደለም።» ደስ አለኝ እንዲያውም፤ ማንም አያማኝም ብዬ። የወንድሙንም የዝውውሩንም በቅጡ ሳላይ በዕቁቡ ንዴት አብሬ ጣልኩት።

ቅሬታ አስገባ። ቅሬታ የሚያጣሩት ሰዎች የዕቁቡን ዳኛና ጸሐፊ ጠርተው ጠየቁ፣ ደብተሩን ባንክ ከገባበት ቀን ጋር አስተያዩ፣ ተስማማ። የእኔ ውሳኔ ተሻረ። 60 ሺህዋ ብቻ ቀረች፣ እሷ እውነተኛ ድብቅ ሽያጭ ነበረች፣ እሱም አመነ። ግን አምስት ወር ፈጀ፣ በመሃል ሁለት ሠራተኛ አሰናብቷል። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኝ። «እንደምን ዋልሽ» አለኝ፣ በትሕትና። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ አገር ባንክ የገባ ብር ሁሉ ሽያጭ አይደለም። ዕቁብ አለ፣ የዕድር አለ፣ የሠርግ መዋጮ አለ፣ ልጅ ከአረብ አገር የላከው አለ። ይህን ከየትም የመጣ ማንዋል አይነግርሽም። የምታውቂው እዚህ ስላደግሽ ነው። ያንን ዕውቀት ሐሜት ፈርቼ ጣልኩት፣ በኋላ ስገምተው የከፋው ስህተቴ ያ ነበር።

አስተባባሪሽ «ጠንከር ያለ ግኝት» የሚለውን ነገር በተመለከተ ብዙ አልልም። ዕቅድ ይኖራል፣ ያለ ዕቅድ መሥሪያ ቤት የለም። ስንት ፋይል እንደምትጨርሺ ሊያቅድልሽ ይችላል። ውስጡ ምን እንደሚገኝ ግን ከመክፈትሽ በፊት ማንም ሊያቅደው አይችልም። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ፋይልም ያለቀ ሥራ ነው፣ «ልዩነት አልተገኘም» ብለሽ ስትጽፊ አትፈሪ፣ እንዴት እንዳላገኘሽ ግን አሳዪ። ቁጥር ከላይ ወደታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን በ2009 ክረምት ሁላችንም አይተናል። የደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው አዲስ አበባም ኦሮሚያም ሱቅ ተዘጋ፣ አድማ ሆነ። ግማሹ ቁጣ ገንዘቡ ነበር፣ ግማሹ ግን «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» የሚል ነበር። ያንን ጥያቄ በወረቀት መመለስ የማትችዪበት ፋይል ላይ አትፈርሚ።

ሌላ ነገር። የጋሼ ባለቤት «ልጃችን እጅ ገብተናል» ካሉ ወሬው እናትሽ ጋ ብቻ አይቆምም። በዚህ ሰሞን አንድ ነገር ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል፣ ያንቺ ቤት ባይሆን እናትሽ ጋ። ኩንታል ጤፍ፣ ማር፣ በዓል ከደረሰ በግ። በግ ስል ስቄ ነው። እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ስኖር የፋሲካ ዋዜማ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር አንድ ሙክት ታስሯል። ጥበቃው «አንድ ሰው ለእርስዎ ነው ብሎ ጥሎ ሄደ» አለኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየ ነው። ልጆቼ ስም አውጥተውለት፣ ጎመን እያበሉት ደረስኩ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ተደወለ፣ «በጉ ደረሰ?» የሚል። ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በጉን የሚጭን ላዳ ለማግኘት አንድ ሰዓት ለመንኩ፣ ጥበቃውን ምስክር አድርጌ ይዤ ሄድኩ፣ መለስኩ። ከበዓል በኋላ ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳወቅኩ። ልጆቼ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ፣ ትልቁ እስከዛሬ ያነሳብኛል። ጋሼ ዱሮም በበዓል ለእናትሽ የሚልኩ ሰው ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የዱሮው ልማድና የዘንድሮው ጉዳይ መልካቸው አንድ ነው። የዘንድሮው ይቅር። እናትሽ «ጉዳዩ እስኪያልቅ ምንም እንዳይልኩ» ብላ ራሷ ብትነግራቸው ከሁሉ ይሻላል፤ ከአንቺ ይልቅ ከሷ ሲሰሙት አይከፋቸውም።

የማታውን ሥራ እምቢ በዪ። ደመወዙ እንደማያኖር አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ ከፍዬ የወሩን ሃያ ቀን በሽሮ የጨረስኩበት ጊዜ አለ። ግን እዛው የሠራተኛ ግዴታ አንቀጽ ላይ የታክስ ሠራተኛ የሂሳብ ባለሙያ ወይም የታክስ አማካሪ ሆኖ እንዳይሠራ፣ ዲክላሬሽን ለሚያዘጋጅ ሰው እንዳይቀጠር ተከልክሏል። ሕጉንም ተዪውና ራስሽን ጠይቂ። ከተማው ሥራ ፈት በሆነ የአካውንቲንግ ምሩቅ ሞልቷል፣ ለሂሳብ ማየት ብቻ ከሆነ ያንቺን ሩብ ከፍሎ አምስት ልጅ ያገኛል። አንቺን ለምን ፈለገ? የሚገዛው ቀን ቀን የምትቀመጪበትን ወንበር ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ነገ አንቺ ጋ ቢመደብስ? እንደገና ደብዳቤ ልትጽፊልኝ ነው።

መውጣትሽን አልቃወምም። እኔም ወጥቻለሁ። ግን አሁን ብትወጪ፣ ፋይሉ እጅሽ ላይ ሆኖ፣ ደብዳቤ ሳይኖርሽ፣ ጥለሽ የሄድሽበትን ምክንያት ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልሽ። መጀመሪያ አስረክቢ። ጥቂት ወር ቆይተሽ አሁንም ልብሽ ከሄደ፣ ልቀቂና ፈቃድ አውጥተሽ በግልጽ የግል ሥራ ሥሪ። የግብሩን ሥራ ከውስጥ የምታውቅ ሐቀኛ የሂሳብ ባለሙያ ነጋዴዎች ይፈልጓታል። የማታውን ሰውዬ ያኔ ስልኩን አታጪውም።

ጋሼንስ? ጉዳያቸው እስኪያልቅ ቤታቸው አትሂጂ። ይከፋቸዋል፣ አንቺም ይከፋሻል። ምናልባት ውሳኔው ይከብዳቸውና «ልጄ ፊቷን አዞረችብኝ» ይሉ ይሆናል፣ ይህንን መከላከል አትችዪም። ሲያልቅ ግን ራስሽ ሂጂ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ስለ ግብሩ ካነሱብሽ ያኔም ዝም በዪ።

ለጊዜው ግን ደብዳቤው። ሰኞ ጠዋት ቡና እንኳ ሳትጠጪ መዝገብ ቤት ሂጂ። «ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ከሰዓት ተመለሺ» ካሉሽ እዛው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ቁጥሩን ሳትይዢ ወደ ጠረጴዛሽ እንዳትመለሺ።